የታሪክ ዘመን አከፋፈል ምንድን ነው?

መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች የዓለም ታሪክን ሲጀምሩ ከሁሉ በፊት ሦስት ስሞች ይገጥሟቸዋል፦ ጥንታዊው ዘመን፣ መካከለኛው ዘመን፣ ዘመናዊው ዘመን። ብዙዎቹ ከነዓመተ ምህረቱ ይሸመድዱትና ፈተና ላይ ጽፈው ይገላገላሉ። እኔ ግን ኮርሱ የሚከብደውም የሚቀለውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዘመን አከፋፈል ምን እንደሆነ የገባው ተማሪ ቀሪውን ምዕራፍ በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

ዘመን አከፋፈል ማለት ያለፈውን ጊዜ ለጥናት እንዲመች በክፍል በክፍል መለየት ነው። በቃ። ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ናቸው። ሲያሰምሩም አንድ ነገር መርጠው ነው፤ የመንግሥት መውደቅ፣ የሃይማኖት መስፋፋት፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ የንግድ መንገድ። የመረጡት ነገር ሲለወጥ መስመሩም ይዛወራል።

የተለመደው አከፋፈል እንዲህ ይላል። ጥንታዊው ዘመን ጽሕፈት ከተጀመረበት ጊዜ ተነስቶ ምዕራባዊው የሮም መንግሥት እስከወደቀበት እስከ 476 ድረስ ይሄዳል። መካከለኛው ዘመን ከዚያ ቀጥሎ ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እስከተያዘችበት እስከ 1453፣ ወይም ኮሎምበስ አሜሪካ እስከደረሰበት እስከ 1492 ይዘልቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመናዊ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮም፣ ቁስጥንጥንያ፣ ኮሎምበስ። ሦስቱም የአውሮፓ ጉዳዮች ናቸው፤ ምክንያቱም አከፋፈሉን ያወጡት አውሮፓውያን ናቸው። በራሳቸውና በጥንቷ ሮም መካከል ያለውን ጊዜ ለይተው ማየት የጀመሩት የጣሊያን ምሁራን ነበሩ። ሦስቱን ክፍሎች በማስተማሪያ መጻሕፍት ያስለመደው ደግሞ ክሪስቶፍ ሴላርየስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሴላርየስ የተወለደው በ1638 ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ማለት ነው። እኛ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለን አከፋፈል ከጎንደር ከተማ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው።

እስቲ 476ን ወደ እኛ አገር አምጥተን እንየው። ሮም ስትወድቅ አክሱም አልወደቀችም። ገንዘቧን በራሷ ነገሥታት ስም እያተመች ነበር። ከዚያም ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ዐፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ዘመቱ። ለአክሱም 476 የምንም መጨረሻ አይደለም። ልጁ ይህን ካላስተዋለ ዓለም በሙሉ በአንድ ጀምበር የጨለመች ይመስለዋል።

ጎንደር ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት አለ። ስለ ፋሲል ግንብ በውጭ ቋንቋ የሚጻፉ የቱሪስት ጽሑፎች «የመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት» ሲሉት ብዙ ጊዜ ይታያል። «የአፍሪካ ካሜሎት» የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው፤ ካሜሎት በአውሮፓ አፈ ታሪክ የንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግንቡ በማዕዘኖቹ ላይ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት፤ ድንጋዩ በኖራ የተጣበቀ ነው፤ አጥሩም ረጅም ነው። የአውሮፓን የባላባት ቤተ መንግሥት የለመደ ዓይን ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ግን ዓመቱን ቁጠሩ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1636 አካባቢ ነው። በመጽሐፉ አከፋፈል መካከለኛው ዘመን ካበቃ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎታል!

ታዲያ ያን ጊዜ ሌላው ዓለም ምን ላይ ነበር? ጋሊሊዮ በ1633 ሮም ውስጥ ለፍርድ ቀርቧል። ሕንድ ውስጥ ታጅ ማሃል እየተገነባ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድ የተመሠረተው በዚያው በ1636 ነው። ቻይና ውስጥ የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1644 ይወድቃል። የፋሲል ግንብ የነዚህ ሁሉ እኩያ ነው። እኩያነት ብቻ ሳይሆን ግንኙነትም ነበር፤ በ1648 ወደ ፋሲለደስ የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ጽፏል፤ የሠራውም ሕንዳዊ ነው ብሏል። ስለዚህ ግንቡን «የመካከለኛው ዘመን» ማለት ከዓለም ጋር የምትገናኝ አገርን ከዘመኗ አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። ይህ ትንሽ ስህተት አይመስለኝም። ልጆቻችን አገራቸው ሁልጊዜ ከዓለም ኋላ የነበረች ይመስላቸዋል።

ከዚሁ ዘመን ሌላ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) በተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናውያን አማካይነት የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። አገሩ በደም ታጠበ። በ1632 የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ይህን ማንም ጎንደሬ ያውቀዋል። ጃፓንም በዚያው ጊዜ ክርስትናን አግዳ የዚያኑ ማኅበር ሚስዮናውያን ስታሳድድ ነበር፤ በ1639 ደግሞ የፖርቹጋል መርከቦች ድርሽ እንዳይሉ ከለከለች። ሁለቱ አገሮች አይተዋወቁም። ግን በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ለአንድ ዓይነት ግፊት ተመሳሳይ መልስ ሰጡ። በኢትዮጵያ ታሪክ ምዕራፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ነገሩን የሁለት ነገሥታት ጠባይ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ጎን ለጎን ሲያየው ግን የፖርቹጋል መርከብና ሚስዮን የደረሱበት ሁሉ የተነሳ ጥያቄ መሆኑ ይታየዋል።

እኛም የራሳችን አከፋፈል አለን። የጎንደር ዘመን እንላለን፤ ዘመነ መሳፍንት እንላለን። ዘመነ መሳፍንት የሚጀምረው ራስ ሚካኤል ስሁል ዐፄ ኢዮአስን ባስገደሉበት በ1769 ነው፤ የሚያበቃው ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855። በዚያው በ1769 ብሪታንያ ውስጥ ጄምስ ዋት ለተሻሻለው የእንፋሎት ሞተር የፈጠራ መብት አገኘ። ለኛ የመከፋፈል ዘመን የተጀመረበት ዓመት እነሱ ጋ የኢንዱስትሪ አብዮት መነሻ አካባቢ ነው። ከቴዎድሮስ የመድፍ ፍላጎት በስተጀርባ ያለውን ክፍተት ለመረዳት ይህን አንድ ዓመት ደብተር ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 1939 ይላል፤ ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት ዓመት። ቻይናዎች ጃፓን ከወረረቻቸው ከ1937 ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ከ2017 ወዲህ ግን መማሪያ መጻሕፍታቸው ከ1931 ይጀምራሉ። የኛን ካየን ጣሊያን የገባችው በጥቅምት 1935 ነው። ፈተና ላይ 1939 ብላችሁ መልሱ፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን መስመሩን ማን ከየት ሆኖ እንዳሰመረው እያወቃችሁ መልሱ።

ጀማሪውን ክፉኛ የሚያምታታው የዓመት ቁጥሩ ነው። የኛና የአውሮፓ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ብዙ ልጅ ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ላይ መሽጎ የቀረው የጣሊያኑ ጄኔራል የጉልየልሞ ናሲ ጦር እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለቱም 1941 ናቸው። ከ1941 ላይ 8 ብቻ የቀነሰ ተማሪ የጎንደርን ነፃ መውጣት በአንድ ዓመት ያስቀድመዋል።