ስለ ግሉተን እና ስለ ቤት ውስጥ የዘረመል ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ለዓመታት ሆዱን ሲነፋውና ሲያስቀምጠው የኖረ ሰው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ የምራቅ መመርመሪያ ልኮለት «የሴሊያክ ጂን አለብህ» የሚል ውጤት ቢደርሰው፣ በማግሥቱ ስንዴና ገብስ እርም ማለቱ አይቀርም። ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። በዙሪያው ከሚነገሩት ነገሮች ግን ብዙዎቹ መታረም አለባቸው።

«ጂኑ ካለብኝ በሽታው አለብኝ።»

ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የሚባሉት፣ ከሴሊያክ ጋር የተያያዙ የጂን ዓይነቶች በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከ100 ሰው በ30 እስከ 40ው ላይ ይገኛሉ፤ ሴሊያክ የሚይዘው ግን ከ100 አንድ ሰው ገደማ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ይህን መሰል ምርመራ በቀጥታ ለተጠቃሚ እንዲሸጥ ሲፈቅድም፣ የፈቀደው ተጋላጭነትን እንዲናገር እንጂ በሽታ እንዲለይ አይደለም። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለቱም ዓይነቶች በሌሉበት ሰው ላይ ሴሊያክን ለማግለል ነው፤ ያም ቢሆን የቤት ውስጡ ምርመራ ሁሉንም ዝርያ ስለማያይ፣ «የለም» ያለውን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ይገባል።

«እስክመረመር ድረስ ስንዴውን ልተወው።»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። በደም ውስጥ የሚፈለጉት፣ የሰውነት መከላከያ የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላትም ሆኑ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት በሚወሰደው ናሙና ላይ የሚታየው ጉዳት የሚገኙት ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ነው፤ ከተወ ወራት ካለፉት ደሙ ንጹሕ ይመስላል፣ ሐኪሙም ሴሊያክ የለብህም ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ደግሞም የማያባራ ተቅማጥ ሁሉ ሴሊያክ አይደለም፤ ጃርዲያና አሜባ በሰገራ ምርመራ አስቀድመው መታየት አለባቸው።

«እኛ የምንበላው ጤፍ ስለሆነ አያሰጋንም።»

ጤፍ በእርግጥ ግሉተን የለውም፤ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎም እንዲሁ፤ በዚህ ረገድ የጎንደር ታማሚ ዳቦ ዋና ምግቡ ከሆነበት አገር ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው። ችግሩ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ከፊት ያለችው ሴት ስንዴዋን አስፈጭታ ስትወጣ፣ በድንጋዩና በመውረጃው ላይ የቀረው ዱቄት ከኋላ በሚፈሰው ጤፍ ይጠረግና አብሮ ኬሻ ውስጥ ይገባል። ግሉተን የለውም ተብሎ ለሚሸጥ ምግብ ዓለም አቀፉ ወሰን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ እፍኝ የማይሞላ የስንዴ ዱቄት ይህን ይሻገራል። ስለዚህ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ቀጥሎ ማስፈጨት፣ ቀድሞ የሚወርደውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ መለየት ይበጃል፤ ለሽሮውም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ እየተቀላቀለበት የሚጋገር እንጀራም አለና፣ ገዝቶ የሚበላ ሰው ጋጋሪዋን ሳያፍር ይጠይቅ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላና ቢራ ሁሉ ክልክል ናቸው። ቅዱስ ቁርባን ከስንዴ ስለሚዘጋጅ፣ ምእመኑ ጉዳዩን ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከርበት መልካም ነው።

«ግሉተን መተው ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል።»

አይፈውስም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሴሊያክም ሊኖርባቸው የሚችልበት ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ምግቡ ኢንሱሊንን አይተካም፤ በዚህ ተማምኖ ኢንሱሊን ማቋረጥ ሕይወት ያሳጣል።

«ከተሻለኝ በኋላ ቀስ በቀስ እመለስበታለሁ።»

ሆዱ ዝም ቢልም አንጀቱ ግሉተን በገባ ቁጥር ይቆስላል፤ የደም ማነስና የአጥንት መሳሳት ያለ ምንም የሆድ ሕመም ሊከተሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው። የታማሚው ወላጆች፣ ወንድምና እህቶች እንዲሁም ልጆች ከሌላው ሰው የበለጠ ተጋላጭ ናቸውና፣ የሚያማቸው ነገር ባይኖርም እንኳ ስንዴ ሳይተዉ ደማቸውን ቢያስመረምሩ ይመከራል።