ሐራራ ምንድን ነው?

ሐራራ ሰውነት የለመደው ነገር ሲቀርበት የሚያሰማው ስሞታ ነው። የቡናም የጫትም ሐራራ አለ፤ እዚህ የማወራው ስለ ኒኮቲን ነው፣ ማለትም ስለ ሲጋራና ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)።

ከጭሱ ጋር የሚገባው ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ደም ውስጥ ያለው መጠን ግን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ያኔ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ምክንያቱ ያልገባው ጭንቀት ይይዘዋል። አንድ ፍሬ ሲለኩስ ቀለል ይለዋል። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚል ሰው አይዋሽም፤ በአብዛኛው የሚበርድለት ግን የቀደመው ሲጋራ ያመጣበት ጭንቀት ነው። የቤት ኪራዩና የአለቃው ቁጣ እዚያው ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 26 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ፣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል።

ቬፕ ትንባሆ አያቃጥልም እንጂ አብዛኞቹ ዓይነቶቹ ኒኮቲን አላቸው። ሽታው ስለማያስታውቅ መኝታ ላይም ይሳባል፤ ሐራራው ገና ብቅ ሲል ስለሚደፈን ባለቤቱ ሱስ እንደያዘው ቶሎ አይነቃም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቬፕ ሽያጭንም ሲጋራን በነጠላ መሸጥንም ይከለክላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ግን ከማስቲካና ከሶፍት ጎን አንድ ፍሬ ማግኘት አያስቸግርም፤ ለማቆም የሚታገል ሰውን የሚፈትነው ይህ ነው።

የሰውነቱ ሐራራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፣ በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል። ከወራት በኋላም የሚመለሰው በሰውና በቦታ በኩል ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ደጃፍ የሚቆሙትን አጫሾች ልብ ብላችሁ እዩ። ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለ ተሰብስበው ይወጣሉ፤ «እሳት አለህ?» ተባብለው ይተዋወቃሉ፣ የሥራ ወሬ የሚሰማው፣ የቤት ችግር የሚነገረው እዚያ ነው። ለከተማው እንግዳ ለሆነ ልጅ ይህ ያለው ብቸኛ ማኅበር ሊሆን ይችላል። ሲጋራውን ተው ስንለው ሰዎቹንም ተው እያልነው ነው፤ ይህን ሳንረዳ «ወኔ የለህም» ማለት ግፍ ይመስለኛል። ተደብቃ የምታጨስ ሴት ደግሞ ሐራራዋን የምታዋየው ሰው እንኳ የላትም፤ ነውሩ አፏን ይዘጋታል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የትንባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሰው ሲያቆም ያው የለመደው ሦስት ስኒ ቡና ደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያስመታዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። እሱ ሐራራ ነው ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። በእነዚያ ሳምንታት ቡናን ቀነስ ማድረግ ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ32 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ጓደኛው ያቆመ ሰው የማጨስ ዕድሉ በ36 በመቶ፣ የትዳር ጓደኛው ያቆመ ደግሞ በ67 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ስለዚህ ለማቆም ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማናገር ያለበት አብሮት የሚያጨሰውን ነው። እሱ ባያቆም እንኳ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ እንዳያጨስና «አንድ ብቻ» ብሎ እንዳይጋብዘው ይለምነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ ግን እንዳይቀርበት።