እንግዳ ተቀባይ ሞለኪውል ምንድን ነው?

እንግዳ ተቀባይ የሚባለው ሌላ ትንሽ ሞለኪውል (እንግዳውን) ውስጡ የሚያስገባ ሞለኪውል ነው። «ሞለኪውሉ መድኃኒቱን ቆልፎ ይይዝና ሰዓቱ ሲደርስ ይከፍትለታል» የሚል አስተያየት በየቦታው ይደጋገማል። ስህተት ነው። እንግዳ ተቀባይ ሞለኪውል ቁልፍ ቀርቶ በርም የለው።

ቤታ ሳይክሎዴክስትሪንን እንይ። ከስታርች የሚገኝ፣ 7 ግሉኮሶች ክብ ሠርተው የተያያዙበት፣ ሁለት አፉ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው፤ የውስጡ ስፋት 0.6 ናኖሜትር ገደማ። ውሃ የማይስማማው እንግዳ ሲመጣ ውስጡ የነበሩት የውሃ ሞለኪውሎች ለቀው ይወጣሉ፣ እንግዳው ይገባል። ከዚያ ይወጣል፤ ደግሞ ይገባል። ትንንሽ እንግዶች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይህን እልፍ ጊዜ ያደርጉታል። «ያዘ» የምንለው በአማካይ ስንቱ ውስጥ እንዳለ ቆጥረን ነው።

ባሕር ዳር ወደብ ላይ 100 የደንገል ታንኳና 100 መንገደኛ ተሰብስበዋል እንበል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሳፈራል፤ አብዛኛው ታንኳ ሰው አያጣም። እነዚያኑ ታንኳዎችና ሰዎች እስከ ጎርጎራ ድረስ በጣና ዳርቻ ሁሉ በትኗቸው። የወረደው ሰው ሌላ ታንኳ እስኪያገኝ ይውላል፤ ታንኳውም ባዶውን ይቆማል። ማንም ማንንም አላስወረደም።

በቁጥር ይኸው፦ የመያዝ ቋሚው (ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካው ቁጥር) በሞላር 10,000 ሆኖ የተቀባዩም የእንግዳውም መጠን በውሃው ውስጥ 1 ሚሊሞላር (የመጠን መለኪያ ነው) ቢሆን 73 በመቶው እንግዳ ውስጥ ነው። ውሃ ጨምራችሁ 100 እጥፍ ስታቀጥኑት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። «ለቀቀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ይበልጥ የሚመጥን ተሳፋሪ ቢመጣም ቦታው ይያዛል፤ ሙቀትም አብዛኛውን ጊዜ ያስወጣል። ምሳሌው የሚላላው እዚህ ላይ ነው፦ ታንኳ ቀዛፊ አለው፣ ሞለኪውል ግን አይመርጥም።

አጥብቆ የሚይዝም አለ። በቀዶ ሕክምና ጡንቻ የሚያዝለውን ሮኩሮኒየም የሚሰበስበው ሱጋማዴክስ የተባለው ተቀባይ ቋሚው ከ10 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ደም ውስጥ መቅጠኑ አያስለቅቀውም፤ ተያይዘው በሽንት ይወጣሉ። እሱም ቢሆን ቁልፍ የለውም።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ፦ ሶዲየም ካርቦኔት የሟሟበት ውሃ ላይ ጥቂት ፌኖልፍታሊን (እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ቀለም የሚያወጣ ጠቋሚ) ጠብ አድርጉ፤ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ስትጨምሩበት ፌኖልፍታሊኑን ስለሚይዘው ሮዙ ይደበዝዛል፣ ስታሞቁት ይመለሳል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠፋል። በካርቦኔቱ ፋንታ ጠንካራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አትጠቀሙ፤ እሱ ብቻውን ቀለሙን ቀስ በቀስ ስለሚያጠፋው ሳይክሎዴክስትሪኑ የያዘው ይመስላችኋል። ቋሚውን ልታሰሉ ከሆነ ደግሞ የሳይክሎዴክስትሪኑ ዱቄት እስከ 14 በመቶ ውሃ ሊይዝ ስለሚችል ሳታደርቁ አትመዝኑ።