የኢንሱሊን መቋቋም እና የልብ ምት መዛባት

የጡንቻ፣ የጉበትና የስብ ሴሎች የደም ስኳርን ወደ ሴል ለማስገባት ለሚረዳው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጡት ምላሽ ሲዳከም የኢንሱሊን መቋቋም ተከሰተ ይባላል። ቆሽት ጉድለቱን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ የደም ስኳር ለዓመታት ጤናማ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ልብም ጡንቻ ነውና ከጣጣው አያመልጥም።

ከዚህ ችግር ጋር አዘውትሮ ስሙ የሚነሳው የምት መዛባት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። የልብ የላይኛው ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸው ቀርቶ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚያ የሚጠራቀመው ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ጉዳቱ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራበት ልብ ውስጥ ግሉኮስን (ስኳርን) ወደ ሴል የሚያስገባው ግሉት 4 የተባለው ፕሮቲን ሥራው ይቀንሳል፤ ሴሉም ይበልጥ ኦክስጅን የሚፈጀውን ስብ ማቃጠል ያበዛል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በሴሉ ውስጥ የካልሲየም አያያዝም ይዛባል፤ ያለ ጊዜው የሚነሳ የኤሌክትሪክ ምልክት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በዚህ ላይ የግራው የላይኛው ክፍል እየሰፋ ሲሄድና በጡንቻው መካከል ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ሲበቅል፣ ምልክቱ ድንጋይ እንደገጠመው ውኃ እየዞረ ይሄዳል፤ ዞሮም መነሻውን መልሶ ይቀሰቅሳል። ልብን የሸፈነው ስብም የብግነት ኬሚካሎችን ስለሚያመነጭ ነገሩን ያባብሳል።

ማስረጃው ግን ሁልጊዜ አንድ ወገን አይይዝም። በአሜሪካ የሚካሄደው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንታኔ የስኳር በሽታ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ራሱን የቻለ አጋላጭ መሆኑን አሳይቷል። የዚሁ ጥናት ሌላ ትንታኔ ግን የኢንሱሊን መቋቋምን ብቻውን ነጥሎ ሲመዝን ግልጽ ዝምድና አላገኘም። ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ ውፍረት፣ የደም ግፊትና በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ ከኢንሱሊን መቋቋም ጋር አብረው ስለሚገኙ፣ የአንዱን ድርሻ ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው። ለታካሚው ግን ክርክሩ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣው ሌጋሲ የተባለ ጥናት፣ ክብደታቸውን በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰው የቆዩ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታካሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ከምት መዛባት ነጻ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ወደ 6 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል።

ሕክምናውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖች የደም ስኳርን ከልክ በላይ ሲያወርዱ አድሬናሊን ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይቀንሳል፤ በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ላይ ኪው ቲ የተባለው፣ የታችኛው የልብ ክፍሎች በኤሌክትሪክ ምልክት ተነቃቅተው ወደ ዕረፍት ለመመለስ የሚወስዱት ጊዜም ይረዝማል፤ ይህም የታችኛውን የልብ ክፍሎች ለአደገኛ የምት መዛባት ያጋልጣል።