የቢልድ ትሪገር ምንድን ነው? ብዙ ሰርቪስ በአንድ ሪፖዚተሪ

ሐዋሳ ውስጥ ሦስት ሆነን ለእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ማስያዣ ሥርዓት እንሠራለን። ማስያዣው፣ ክፍያው እና የአጭር መልእክት መላኪያው ለየብቻ የሚሠሩ ሰርቪሶች ቢሆኑም ኮዳቸው የሚቀመጠው በአንድ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ነው። እንዲህ ያለው አቀማመጥ ሞኖሬፖ ይባላል። የድሃ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ጉግል በአንድ ማከማቻ ያኖረው ኮድ ወደ 2 ቢሊዮን መስመር ይደርስ ነበር።

ቢልድ ማለት የተጻፈውን ኮድ ሰርቨር ላይ ሊሠራ ወደሚችል ነገር መለወጥ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የኮንቴይነር ኢሜጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል ነው። ቀድሞ ይህን የምናደርገው በራሳችን ላፕቶፕ ነበር። በመቶዎች ሜጋባይት የሚመዘን ኢሜጅ ከታቦር ተራራ ግርጌ በሞባይል ዳታ ሲጫን፣ መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ፣ እንደገና ሲጀመር... የሞከረው ያውቀዋል። ቢልዱ በክላውድ፣ ማለትም በአገልግሎት ሰጪ የዳታ ማዕከል ውስጥ ሲሠራ ግን ከእኛ ዘንድ የሚወጣው የተለወጠው ኮድ ብቻ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት። ከባዱ ጭነት ከዳታ ማዕከሉ ሳይወጣ እዚያው ያልቃል።

ይህን ሥራ የሚቀሰቅሰው ደንብ ትሪገር ይባላል፦ «በዚህ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ኮድ ሲገባ እነዚህን እርምጃዎች ፈጽም»። ቅርንጫፍ ማለት በሪፖዚተሪው ውስጥ ጎን ለጎን ከሚያዙት የኮዱ ቅጂዎች አንዱ ነው። ሪፖዚተሪው አንድ ሰርቪስ ብቻ ከያዘ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። ሦስት ከያዘ ግን የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ተከራዩ ሁሉ ነጠላውን ደርቦ እንደሚወጣበት ቤት ይሆናል። አንድ ቀን ለእንግዶች በሚላከው መልእክት ውስጥ «ክፍሎ» የሚለውን «ክፍልዎ» ብዬ አረምኩ። አንዲት ፊደል ብትጨመር ክፍያውም ማስያዣውም ከባዶ ቢልድ ተደረጉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱን ትሪገር መስጠትና የሚጠብቀውን ፎልደር መንገር ነው። ጉግል ክላውድ ቢልድ የሚካተቱና የሚታለፉ ፋይሎች ማጣሪያ አለው፤ ሌላው የቢልድ አገልግሎት ጊትሃብ አክሽንስም ተመሳሳይ የፋይል መንገድ ማጣሪያ ያቀርባል። የክፍያው ትሪገር ላይ «ክፍያ/**» ብለን ስንጽፍ፣ ሁለቱ ኮከቦች በፎልደሩ ውስጥ የቱንም ያህል ጠልቆ ያለ ፋይል ማለት ናቸው። አንድ ኮከብ ብቻ ከጻፋችሁ ንዑስ ፎልደሮቹ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ወጥመዱ። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥርን ወደ +251 የሚለውጠው ኮዳችን ሦስቱም ሰርቪሶች የሚጠቀሙበት ስለሆነ «የጋራ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ስሕተት ቢታረም የክፍያው ትሪገር አይሰማም፤ ዓይኑ የራሱ ፎልደር ላይ ነውና። ምንም ቀይ ምልክት አይታይም፣ የወደቀ ቢልድ የለም፤ አሮጌው ኮድ በሰላም ሥራውን ይቀጥላል። ሳያስፈልግ ከሚሠራ ቢልድ ይልቅ አስፈልጎ ሳለ ዝም የሚለው የከፋ ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ይፈጃል፣ ሁለተኛው ያታልላል። ስለዚህ በየትሪገሩ «የጋራ/**» መጨመር አለበት።

ኢሜጁን የሚሠራው መሣሪያ፣ ዶከርም በዚሁ የጋራ ፎልደር ምክንያት ያስቸግራል። ቢልዱ ከክፍያው ፎልደር ከተነሣ ከዚያ ውጭ ያለን ፋይል መቅዳት አይፈቀድለትም። ከሪፖዚተሪው ዋና ፎልደር አስነሥቶ ዶከርፋይሉ (የኢሜጁ አሠራር የተጻፈበት ፋይል) ያለበትን ቦታ ለብቻ መጥቀስ ያስፈልጋል። ኢሜጁንም በኮሚቱ (በተመዘገበው የኮድ ለውጥ) መለያ ሰይሙት፤ ሁሉም ኢሜጅ «የቅርብ ጊዜ» ከተባለ ሰርቨሩ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል?

የትኛው ሰርቪስ በየትኛው ኮድ ላይ እንደሚደገፍ ራሳቸው የሚያሰሉ እንደ ባዜል ያሉ መሣሪያዎችም አሉ። ሰርቪሱ ሃምሳ ሲደርስ ይታሰብባቸዋል። የእኛ የሦስቱ ትሪገሮች ማጣሪያ ተደምሮ ስድስት መስመር ነው።