የክላይሜት ፌሎውሺፕ ምንድን ነው? ጋዜጠኛን ኮፕ ድረስ መላክስ ምን ይጠቅማል?

በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ ዜና ላይ ኮፕ ሚባል ነገር ትሰማላችሁ፣ የተመድ ዓመታዊ የአየር ንብረት ጉባኤ ማለት ነው። መሪዎች ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ የኛም ተወካይ ስለ አረንጓዴ አሻራ ንግግር ያደርጋል፣ በቃ አለቀ። ምን ተወሰነ፣ ማን ተቃወመ፣ ብሩን ማን ለማን ይሰጣል ሚለውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ምታገኙት ባብዛኛው ከሮይተርስ ወይ ከኤኤፍፒ የተተረጎመ ዜና ነው፣ እነሱ ደሞ ሚጽፉት ቦረና ላይ ከብቱ ላለቀበት ሰው ብለው አይደለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ተብሎ የመጣ ነገር ነው የክላይሜት ሪፖርቲንግ ፌሎውሺፕ። (እዚህ ምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ባጭሩ ከታዳጊ አገር የመጣ ጋዜጠኛ ወጪው ተሸፍኖለት የተመድ የአየር ንብረት ድርድር ላይ ተገኝቶ ለራሱ ሚዲያ፣ ለራሱ አድማጭ እንዲዘግብ ሚደረግ ድጋፍ ነው። ከቆዩት ውስጥ በደንብ ሚታወቀው ክላይሜት ቼንጅ ሚዲያ ፓርትነርሺፕ ሚባለው ነው፣ 2007 ላይ ኢንተርኒውስና ፓኖስ ሚባሉት ሚዲያ ደጋፊ ድርጅቶች እና ለንደን ያለው አይአይኢዲ ሚባል የጥናት ተቋም ሆነው ጀመሩት፣ ያው የባሊው ኮፕ 13 የተካሄደበት ዓመት ነው። በቅርብ ዓመታት ደሞ የኢንተርኒውስ ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ አሜሪካ ካለው ስታንሊ ሴንተር ሚባል ተቋም ጋር ነው ሚሰራው።

አሰራሩ ብዙ አያስቸግርም። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ጋዜጠኛው የሰራቸውን ስራዎች አያይዞ ያመለክታል፣ ኤዲተሩ «አዎ፣ ዘገባውን እናወጣለታለን» ብሎ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ካለፈ ትኬት፣ ሆቴል፣ አበል ይሸፈንለታል። እዛ ሲደርስ ኦሬንቴሽን አለ፣ በየቀኑ ብሪፊንግ አለ፣ ከተደራዳሪዎች ጋር ኢንተርቪው ይመቻቻል፣ ልምድ ያለው ሜንተር ደሞ ጽሁፉን አይቶ ያርምለታል።

ብዙ ሰው ዋናው ነገር ትኬቱ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ዋናው የመጨረሻው ነገር፣ ሜንተሩ ነው ባይ ነኝ። ለምን ብትሉ ቦታውን አስቡት፣ ዱባይ ላይ በ2023 በተካሄደው ኮፕ 28 የተገኘው ሰው ከ80 ሺህ በላይ ነው። ድርድሩ ሚካሄደው ብሉ ዞን በሚባለው ባጅ ያለው ብቻ ሚገባበት ግቢ ውስጥ ነው፣ እዛም ሆኖ ቁም ነገሩ ያለባቸው ትናንሽ ስብሰባዎች ለፕሬስ ዝግ ናቸው። ስለዚ አንድ ጋዜጠኛ ባጁን አንጠልጥሎ ከገባ በኋላ ማንንም ካላወቀ ሙሽሮቹን ሳያውቅ ሰርግ ቤት እንደገባ እንግዳ ነው ሚሆነው፣ ይበላል ይጠጣል፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ ግን አይገባውም። ከድንኳን ድንኳን እየዞረ የኤንጂኦ ፓናል ሲያዳምጥ ሁለቱ ሳምንት ያልቅና ይመለሳል።

የአዘርባጃኗን ባኩን ልውሰድ፣ ኮፕ 29፣ ኅዳር 2024። ጉዳዩ ያደጉት አገራት ለድሆቹ በዓመት ስንት ይሰጣሉ ሚለው ነበር። የድሮው ቃል 2009 ኮፐንሃገን ላይ የተገባው ነው፣ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር፣ ኦኢሲዲ ሚባለው የሀብታም አገራት የኢኮኖሚ ድርጅት እንዳለው እሱም የተሟላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ 2022 ላይ ነው። ባኩ ላይ ታዳጊ አገራቱ በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ሚል ጥያቄ ይዘው መጡ። ስብሰባው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የወጣውን ረቂቅ ብታዩት ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ በቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሚል ፊደል ብቻ ነው ያለው፣ ኤክስ ትሪሊዮን! ድርድር ላይ ቅንፍ ማለት «እዚህ ላይ ገና አልተስማማንም» ማለት ነው፣ አንዳንዴ አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሶስት አራት ቅንፍ ይደረደራል። በማግስቱ ኤክሷ 250 ቢሊዮን ሆና መጣች። ቅዳሜ የደሃ አገራቱና የደሴት አገራቱ ተደራዳሪዎች ከስብሰባ ረግጠው ወጡ፣ ኮሪደር ላይ ይጠብቅ የነበረ ጋዜጠኛ ዜናውን ያገኘው እዛው በር ላይ ነው። እሁድ ሊነጋጋ ሲል 300 ቢሊዮን በዓመት እስከ 2035 ተብሎ መዶሻው ተመታ፣ ከተመታ በኋላ የህንድ ተወካይ ተነስታ አንቀበልም አለች።

አሁን ልብ በሉ፣ መጨረሻው ሰነድ ላይ 1.3 ትሪሊዮንም አለ። ግን እሱ የግል ኢንቨስትመንቱም ምኑም ተደምሮ እዛ ለመድረስ «ሁሉም ወገን ይስራ» ሚል ጥሪ ነው፣ ያደጉት አገራት ግንባር ቀደም እንሆናለን ያሉበት 300 ቢሊዮኑ ነው። ይሄን ማያውቅ ጋዜጠኛ «1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጸደቀ» ብሎ ርዕስ ቢያወጣ አይገርምም፣ አጠገቡ አንድ ሰው «ቆይ፣ አንቀጹን እየው፣ ግሱ ምንድን ነው ሚለው» ሚለው ካለ ግን ይተርፋል። የሜንተር ጥቅም እንግዲህ ይሄ ነው። ሌላው ነገር ደሞ ኮፕ በሰዓቱ አልቆ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ባኩም አርብ ነበር ማለቅ ያለበት፣ ትኬቱ ለቅዳሜ የተቆረጠለት ጋዜጠኛ ዋናውን ዜና ኤርፖርት ሆኖ ነው ሚሰማው።

ዱባይ ላይ የሆነውም አይረሳም። የነዳጅ ጉዳይ ያለበት ውሳኔ ሲጸድቅና አዳራሹ ሲያጨበጭብ የትናንሽ ደሴት አገራት ስብስብ ገና አዳራሽ አልገባም ነበር፣ ስብስቡን የወከሉት የሳሞዋዋ አን ራስሙሰን በኋላ ተነስተው እኛ ሳንገባ ነው የጸደቀው አሉ። ለለንደን አንባቢ ይሄ አንድ አንቀጽ ነው፣ ለሳሞዋ ወይ ለፊጂ ሬዲዮ ግን የቀኑ ዜና እሱ ነው። እዛ የፓስፊክ ጋዜጠኛ ከሌለ ማን ይሰራዋል?

ትችትም አለበት፣ ሳልጠቅስ ባልፍ ልክ አይሆንም። አንደኛ ብሩ ከለጋሽ ነው ሚመጣው፣ ለጋሹ ደሞ ብዙ ጊዜ ያለው ድርድሩ ላይ አንዱ ወገን ከሆነ አገር ነው፣ ስለዚ ማን እንደከፈለ መናገር የጋዜጠኛው ግዴታ ነው። ሁለተኛ ማመልከቻው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሚያልፈው ያው እንግሊዝኛ ሚጽፈው ነው፣ በኦሮምኛ ወይ በሲዳምኛ ሬዲዮ ሚሰራው ይቀራል። ሶስተኛውና ሁሌ ሚያናድደኝ፣ ሰውየው ያን ሁሉ ተምሮ ይመለስና ቢሮው ፖለቲካ ዴስክ ወይ ኳስ ላይ ይመድበዋል። ድርድሩ ደሞ ኅዳር ላይ ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቦን፣ ጀርመን፣ ቴክኒካል ስብሰባ አለ፣ ኮፕ ላይ ሚፈነዳው ጭቅጭቅ አብዛኛው እዛ ነው ሚጀምረው፣ እዛ ሚሄድ ጋዜጠኛ ግን በጣት ሚቆጠር ነው።

አማራጩስ? ከመንግስት ልዑክ ጋር ተለጥፎ መሄድ ነው። መሄዱ ባልከፋ፣ ግን አበልህን ሚከፍልህ ልዑክ ድርድር ላይ ምን እንደለቀቀ መጻፍ ይከብዳል። በነገራችን ላይ 2017 እና 2018 ላይ ከ40 በላይ በኢኮኖሚ ያላደጉ አገራትን ስብስብ የመራው አቶ ገብሩ ጀምበር እንዳለው ሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። አስቡት፣ ኮሪደር ላይ አስቁመህ በአማርኛ ምትጠይቀው የቡድኑ ሊቀመንበር! እዚህ አገር ስሙን ሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ይሄን ሁሉ አሁን ያነሳሁት ያለነገር አይደለም። ብራዚል፣ ቤሌም ላይ በ2025 በተካሄደው ኮፕ 30 እንደተወሰነው ኮፕ 32 በ2027 አዲስ አበባ ነው ሚካሄደው። ለኛ ጋዜጠኞች ትኬት የለ፣ ቪዛ የለ፣ ሆቴል የለ፣ ታክሲ ይዞ መሄድ ነው፣ የትኬትና የቪዛው ጣጣ በተራው ከማላዊና ከቫኑዋቱ ለሚመጡት ይሆናል። ፌሎውሺፕ ላይ ትኬቱ ሲቀነስ ሚቀረው እንግዲህ ሌላው ነገር ነው፣ ቅንፉን ማንበብ፣ በየትኛው የስብሰባ ክፍል ምን እንዳለ ማወቅ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጋዜጠኛ ለዚህ ነጻ ሚያደርግ ኤዲተር። ይሄ ደሞ በሳምንት ወርክሾፕ ሚመጣ አይመስለኝም።

መጀመር ለሚፈልግ ጋዜጠኛ፣ ክፍት የሆኑት ስብሰባዎች በተመድ ድረ ገጽ በነጻ በቀጥታ ይተላለፋሉ፣ ኧርዝ ኒጎሲዬሽንስ ቡለቲን ሚባለው ደሞ ድርድሩ ባለበት በየቀኑ ማን ምን አለ ሚለውን በአጭሩ ያወጣል፣ እሱም ነጻ ነው። የሰኔውን ቦን ከቤት ሆኖ በነዚህ ሁለቱ መከታተል ይቻላል። የፕሬስ አክሬዲቴሽን፣ ማለት ጋዜጠኛ ሆኖ የመግቢያው ፈቃድ፣ በኦንላይን ነው ሚሞላው፣ ቀነ ገደቡ ግን ኮፑ ከመጀመሩ በፊት ስለሚዘጋ የኤዲተሩን ደብዳቤ ቀደም ብላችሁ ያዙ።