«ታሪኩ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል» እና ሌሎች ከመጻፍ የሚያስቀሩ ሐሳቦች

ጎጃም ውስጥ ታሪክ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደብረ ማርቆስ ቡና ስትጠጡ፣ ቡሬ መናኸሪያ መኪና ስትጠብቁ፣ «እኔ እኮ ብጽፈው መጽሐፍ የሚወጣው ታሪክ አለኝ» የሚል አይጠፋም። አምናቸዋለሁም። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ግን የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ስለ መጻፍ የያዙት የተሳሳተ ሐሳብ ነው።

«ታሪኩ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል፤ የቀረኝ መገልበጥ ብቻ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሐሳብ ውስጥ ያለ ታሪክ ያለቀ የሚመስለን ክፍተቱ ስለማይታየን ነው። አንድ ወጣት ከደጀን ተነስቶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ሊገባ ነው እንበል። አውቶቡሱ ይታያችኋል። ጠመዝማዛው ቁልቁለትም፣ የልጁ ሆድ መባባትም ይታያችኋል። ልትጽፉት ስትቀመጡ ግን ጥያቄው ይጀምራል። ማን ሸኘው? ምን ይዟል? አጠገቡ የተቀመጡት እናት ምን ጠየቁት? አምና ያልሄደ ልጅ ዘንድሮ ምን ቆርጦለት ሄደ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ለካ ታሪኬ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ታሪኩ መሠራት የጀመረው ገና አሁን ነው። መልሱ የሚመጣው እየጻፉ ነው። እናትየው ዳቦ ቆርሰው ሲሰጡት ትጽፋላችሁ። ልጁ «አልራበኝም» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ኩሩ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ቀድሞ አታውቁትም ነበር። ስለዚህ እስኪበስል አትጠብቁ። ዛሬ የታያችሁን ቁራጭ ዛሬ ጻፉት።

«የቅኔ ሊቃውንት ያለ ወረቀት ነው የተቀኙት፤ ተሰጥኦ ካለ ራሱ ይፈልቃል»

እነ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሳሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶችን በሚያውቅ አገር ይህን መስማት አይገርምም። ቅኔ በቃል የሚዘረፍ መሆኑ እውነት ነው። ግን ተማሪው እንዴት እዚያ ደረሰ? ሲጀምር 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ፣ ባላት የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ 6 ቤቱ ሥላሴ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል። ነገም እንደዚያው። ማንም በመወድስ አይጀምርም፤ የቆጠረውንም በልቡ ይዞ አይቀርም።

ለልብ ወለድም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በ400 ገጽ አትጀምሩ። አንድ ትዕይንት፣ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ከዚያ ለሚያርማችሁ ሰው አሳዩ። የሚያወድሳችሁን ሳይሆን የሚያርማችሁን ምረጡ።

«የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማማር አለበት»

ማማሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በጣም ከሚታያችሁ ቦታ ጀምሩ፤ የታሪኩ መሐልም ቢሆን።

«በመጽሐፍ አማርኛ ካልሆነ ያሳፍራል»

ይህ የገጠሩን ልጅ በተለይ ዝም አሰኝቶታል። ባለታሪኩ የቢቡኝ ገበሬ ሆኖ እንደ ዜና አንባቢ ሲናገር አንባቢ አያምነውም። «ሸጋ ነው» የሚለውን ሰው «ሸጋ ነው» አስብሉት። ጎረቤቱን «አያ» ብሎ ይጥራ። ፊደሉም ሥራ አያስፈታችሁ። «ሀ» ነው «ሐ»፣ «ሰ» ነው «ሠ» እያላችሁ ስታቅማሙ ትዕይንቱ ይጠፋባችኋል። እሱ የእርማት ጊዜ ሥራ ነው።

«ዕድሜዬ አልፏል»

የጎጃሙ ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ አስተምረዋል፣ በጣሊያን ወረራ ዘምተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ በዲፕሎማትነት አገልግለዋል። ሃምሳን ያለፈ ሰው ያየውና የሰማው ብዙ ስለሆነ፣ እኔ ዕድሜውን እንደ ስንቅ ነው የማየው።

«ለጓደኞቼ እያወራሁት ነው፤ ያው መጻፍ ነው»

አይደለም። ቡና ላይ ስታወሩት ሰሚው ይስቃል፣ ይደነቃል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ከዚያ የመጻፍ ፍላጎቱ ይበርዳል። ደግሞ ሲወራ ፊታችሁና እጃችሁ ያግዛችኋል፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም የሉም።

ማውራት የሚቀናችሁ ከሆነ ግን ተጠቀሙበት። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጉና ለብቻችሁ ተርኩት። በዚያው ቀን ማታ እያዳመጣችሁ ገልብጡት፤ ካደረ አይነካም። ስትገለብጡ «እ... እ...» ያላችሁበትን ወይም «ምን አለፋችሁ፣ ብቻ...» ብላችሁ የዘለላችሁበትን ቦታ አስምሩበት። ታሪኩ ገና ያልተፈታው እዚያ ጋ ነው። በማግስቱ ከዚያ ጀምሩ።